ለፓምፑ የሚሆን ኮምፓይለር

ኢክራማ ልጅ ሳለ ጎረቤታቸው ለአባቱ፣ «ጎርፉን ወደ ማሳ መጥለፍ የምታውቅበት አንተ ብቻ፤ ብትታመም ምን ይውጠናል?» ሲሉ ሰምቷል። አባቱ መሳቃቸው ትዝ ይለዋል፤ የመለሱትን ግን ረስቶታል።

ዛሬ እሱና ሚስቱ ራዊያ ቆቦ ላይ የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጡ ፓምፖችን የሚያዝ ፕሮግራም ይሠራሉ፤ ፕሮግራሙም በየጊዜው መታረም አያጣውም። ኢክራማ ለእህቱ ሰርግ ሮቢት ሊሰነብት ሻንጣውን ሲያዘጋጅ፣ ራዊያ ፕሮግራሙን በራሷ ላፕቶፕ ብትገነባው ፓምፑ አልቀበልም አለ። የእሷ ላፕቶፕ ፕሮግራሙን የሚተረጉመው ለራሱ እንጂ ለፓምፑ ቺፕ አልነበረም። የተጻፈውን ፕሮግራም ቺፑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ያለው ኢክራማ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው።

«ደውይልኝ፣ ገንብቼ እልክልሻለሁ» አላት፣ ተፈላጊ መሆኑ ደስ ብሎት።

«ሰርግ ቤት ሆነህ? ሽንኩርቱ ጨፍረህ እስክትጨርስ ይጠብቅሃል?»

«እንግዲህ ያለኔ አይሆንልሽማ!»

«ለትዳሩማ አይሆንልኝም፣ ወላሂ። ለፓምፑ ግን ይሁንልኝ እንጂ!»

ኢክራማ ሳቁ አመለጠው። ሻንጣውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«በይ፣ ቢስሚላህ» አለ። የትኛው ኮምፓይለር እንደሆነና ከየት እንደሚወርድ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚገነባ በሚያዘው ፋይል ውስጥ ሊጽፈው፣ በእሷም ላፕቶፕ ሠርቶ ሳያይ ከቤት ላይወጣ ተስማማ።