ወርቄ የተባለው

የመኪና ቀለም ቀቢው ቅናተኛ አይደለሁም ባይ ነበር። አንድ ጠዋት ግን ሚስቱ ጓዳ ገብታ በስልክ፣ «ወርቄ እንዴት አደረ? አሁንም ቀይ ነው? ብርሃን እንዳይነካው፤ መጣሁ» ስትል ሰማት። ወርቄ! እሱን እንዲያ ብላ ከጠራችው ስንት ዘመኑ፤ ዛሬማ ስሙ «ስማ» ሆኗል። ሰውየው ቀይ መሆኑ ደግሞ ይባስ አንጀቱን አሳረረው፤ እሱ ከሰል ነው።

ሆድ ይፍጀው ብሎ ሥራው ሄደ። አልሆነለትም። የመኪናውን አንድ በር ቀብቶ ሌላውን ትቶ፣ እጁን በቀለም ማስለቀቂያው በቲነር እንደ ነገሩ ጠራርጎ፣ ሚስቱ ወደምትሠራበት የውሃ ምርመራ ክፍል ገሰገሰ።

«ወርቄ የሚባለው የታል?» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

ባልደረባዋ ሳቋ አፍኗት ጠረጴዛው ላይ ያለ ብልቃጥ አሳየችው። ውስጡ ቀይ ውሃ አለ። ሚስቱ እያፈረች አስረዳችው፦ በዓይን የማይታይ የወርቅ ብናኝ ነው፤ ወርቅ እስከዚህ ሲደቅ ቀይ ይሆናል። ውሃው ውስጥ የተባይ መርዝ ወይም የፋብሪካ ኬሚካል ሲያገኝ ወደ ሰማያዊ እንዲለወጥ ብላ ነው የሠራችው። እስካሁን ግን አሻፈረኝ ብሏታል።

እፎይ ማለት ነበረበት። አላለም። ብልቃጡን ወደ ፊቷ አንስታ ስታየው፣ እሱን በዚያ ዓይን ካየችው መቆየቷ ትዝ አለው። ሰው ቢሆን ይደባደቡ ነበር፤ ከብልቃጥ ጋር ምን ይባላል? መልሳ ስታስቀምጠው ጠጋ አለና፣ በንዴት ጣቱን ዘው አደረገበት።

ባልደረባዋ «ውይ» አለች። ቀዩ ውሃ ጠየመ፤ ቆይቶ ሰማያዊ ሆነ።

ስድቡን ሲጠብቅ ሚስቱ እጁን ለቀም አድርጋ አሸተተችው።

«ምን ነክተህ ነው?»

«ቲነር።»

«ሠራ!» ብላ እንባዋ መጣ። ንጹሕ ውሃ አስመጥታ ጣቶቹን አንድ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ አለቀለቀች፤ ያንንም ውሃ በሌላ ቀይ ብልቃጥ ላይ ጠብ ስታደርገው እሱም ሰማያዊ ሆነ። እጁን አልለቀቀችም። እሱም አልነጠቃትም፤ በሁለት እጇ ከያዘችው ቆይታለች።

«ነገም ሳትታጠብ ና» አለችው፣ ዓይኗን ከብልቃጡ ሳትነቅል።

የፈለገችው እድፉን መሆኑ ገብቶታል። እሺ አላት።