የቆርቆሮዋ ጀርባ

እስቲ ንገሩኝ፤ የሞተን ሰው ሥራ ማድነቅ ለምን እንዲህ ይቀላል? በሕይወቱ ሳለ አንዲት ደግ ቃል የነፈገው አፍ፣ ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን ያን ሁሉ ማር ከየት ያመጣዋል?

«ትልቅ ሠዓሊ ነው ያጣነው» አለ የሠዓሊዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሻዩን እያማሰለ። ከዚያ ወደ ሟቹ ልጅ ወንበሩን አስጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ ማኅበሩ የመታሰቢያ ኤግዚቢሽን ሊያደርግለት ወስኗል። ሥዕሎቹን ስጪን። በተለይ ያቺን ቆርቆሮ።»

«የቷን?»

«ክር ያለባትን። የሰፈራችሁ ፎቶ አንሺ ያነሳትን ያዩ ሁሉ አብደውላታል።»

ልብስ ሰፊዋ ልጅ የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

አባቷ የሱቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበር። የሰፈሩን ዳቦ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ጎማ ጠጋኝ ሁሉ የጻፈው እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሥራ ቤቱን ግድግዳ ለፈለገ ሁሉ ይለቃል። የፎቶ አንሺው ብርሃን የበዛባቸው ፎቶዎች፣ የበያጁ የሽቦ ሥራዎች፣ የሴት ልጁ ጥልፍ፣ የእሱ የቀለም ሥዕሎች ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ ማንም ስለ ራሱ ሥራ አይናገርም፣ ስለ ጎረቤቱ ብቻ። በያጁ ስለ ጥልፍ፣ ጥልፍ ጣይዋ ስለ ብየዳ።

«እኔንም አስቀባጥሮኛል» አለች አክስትየዋ አጠገቧ ላሉት እያንሾካሾከች። «ስለ ሽቦው ፈረስ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ለፈለፍኩ። በያጁ አስጨርሶኝ፣ ‹እትዬ፣ ወንበር እኮ ነው› አይለኝ መሰላችሁ!»

«ወንድምሽስ ምን አለ?»

«‹አንተ ዝም በል፣ ፈረሱን እኔም አይቼዋለሁ› አለልኝ። ነፍሱን ይማረውና።»

ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ።

ቆርቆሮዋ የተወለደችው ከዚያ ግድግዳ ነው። አባት በምስማር ይበሳል፣ ልጅ በቀዳዳው ክር ታሳልፋለች፤ ስምንት ወር ፈጀባቸው። የወጣው ቀደም ብላ የሞተችው እናት ፊት ነበር፤ ግማሹ ቀለም፣ ግማሹ ክር። ለማኅበሩ ዓመታዊ ኤግዚቢሽን ወሰዷት። ሊቀመንበሩ በር ላይ ተቀብሎ፣ «እዚያ አስቀምጣት» አላቸው።

በመክፈቻው ቀን አባትና ልጅ ተለባብሰው መጡ። የዘይት ቀለሙ ክፍል ውስጥ የለችም። ከፎቶዎቹም፣ ከቅርጻ ቅርጾቹም መሐል የለችም። ያገኟት ውጭ ነው። ፊቷን ወደ አጥሩ አዙረዋታል፤ ጀርባዋ ላይ በሊቀመንበሩ የእጅ ጽሕፈት በቀይ ቀለም «መግቢያ» ተብሎ ተጽፎ ቀስት ተስሎበታል።

«ውይ! ማስታወቂያ ጸሐፊ ያመጣት ቆርቆሮ ስለሆነች ለመጠቆሚያ እንድትሆነን ብለህ መስሎን!» አለ ሊቀመንበሩ። ሳቀ። የከበቡትም ሳቁ።

ልጅቷ ልታነሳት ስትጎነበስ አባቷ እጇን ያዘ። «ተያት፣ ሰው መንገድ እንዳይጠፋበት» አላት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝናብ ከወረደባት በኋላ ወደ ቤት መለሷት። ከዚያ ወዲህ በቅዳሜው ግድግዳ ላይ ምንም አልተሰቀለም። ስህተት ነው ትሉኝ ይሆናል። አንዲት ቆርቆሮ ገልብጦ ለማየት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

«ታዲያ ትሰጪናለሽ አይደል?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ጀርባዋንስ ምን ልታደርጉት ነው?»

«እሱማ ቀላል ነው፤ ቀለም እንደርብበታለን። ማን ያየዋል?»

ልጅቷ ተነስታ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች። ስትመለስ ቆርቆሮዋን አቅፋለች። መሐል ወለሉ ላይ፣ ጀርባዋን ወደ ለቀስተኛው አዙራ፣ ወንበር አስደግፋ አቆመቻት።

«ልጄ፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነው!» አለች አክስትየዋ። «ሰው ምን ይላል?»

«ነይ፣ ውጭ ወጥተን ብቻችንን እንነጋገር» አለ ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ብድግ እያለ።

ልጅቷ ተንበረከከች። ከቀዩ ፊደል ሥር ክሮቿን የቋጠረችባቸው መቶ የሚሆኑ እብጠቶች ቀለም ጠጥተው ደርቀዋል። አንዷን ቋጠሮ በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ዳሰሰች፤ እጇን ግን አላነሳችም።

«አልወጣም» አለች። «አባቴ ላይ የሳቁት በሰው ፊት ነው፣ ጋሼ። ብሩሽዎ በእነዚህ ሁሉ ቋጠሮዎች ላይ ሲያልፍ፣ ከወዲያ በኩል የተሠራ ነገር እንዳለ አውቀው ነበር ወይስ አላወቁም? እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ ይመልሱልኝ።»