ከወቅት ውጭ ማደር ክልክል ነው

በሐይቁ መሐል ስላሉት ደሴቶች የወጣው ደንብ አጭር ነው። ቦታው ለመዝናኛ ብቻ፣ እሱም በእረፍት ወራት። ወራቱ ሲያልፍ የጀልባ ማቆሚያዎች ከውሃው ይነሳሉ፣ ጀልባዎች ወደ ከተማው ዳርቻ ይመለሳሉ፣ ሰው አያድርም። ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች ደሴቶቹን ያዩት በካርታ ነው፤ ካርታ ላይ ደግሞ ሰው አይታይም። በመጨረሻው ደሴት ላይ ግን ሰው ነበር፤ ደንቡን የምታስከብረው የመሬት ተቆጣጣሪዋ አባት።

ሽማግሌው ያላቸው አንዲት የመቅዘፊያ ጀልባ ብቻ ብትሆንም የሐይቁ ሰዎች እንደ ባሕር ኃይል አዛዥ «አድሚራሉ» ይሏቸው ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ንቅንቅ አላሉም። ልጃቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤቷ አንድ ክፍል አሰናድታ ብትለምናቸው፣ «እንደተረሳ ጃንጥላ ጥግ ይዤ ልቀመጥልሽ?» ብለው ሳቁባት። ምን ታድርግ? አይታ እንዳላየች አለፈች።

ነገሩን ያፈነዳው ባለሆቴሉ ነው። ጎረቤት ደሴት ላይ ያሉትን ጎጆዎች ዓመቱን ሙሉ ላከራይ ብሎ ቢያመለክት፣ ደንቡን ጠቅሳ ከለከለችው። እሱ ደግሞ ነገር ሆዱ ውስጥ የሚያድርለት ሰው አይደለም። በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር፣ ባለጉዳይ ሁሉ እየሰማ፣ «ለእኔ ሲሆን ደንብ፣ ለአባትሽ ሲሆን ዓይን መጨፈን። የቤታቸው ጭስ እኮ ከበረንዳዬ ይታያል» አላት። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ዕድሜዋን ሙሉ «አታዳላም» ለመባል የኖረች ሴት ናት፤ ከደመወዟ ሌላ ያፈራችው ሀብት ስሟ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ከሠራተኞችና ከመሥሪያ ቤቱ ጀልባ ነጂ ጋር ሄደች። የደሴቱ ዙሪያ ቀጥ ያለ ድንጋይ ነው፤ ከዚያች ከጣውላ ከተሠራች ማቆሚያ በቀር ጀልባ የሚጠጋበት የለም። ሠራተኞቹ ጣውላውን ሲፈቱ አባቷ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመው ያያሉ።

«አባዬ፣ ልብስህን ያዝና እንሂድ።»

«አልሄድም።»

«ጀልባህንም እወስዳታለሁ።»

«ውሰጃት። የመንግሥት ሰው አይደለሽ?»

ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች መጠየቅ አያስፈልግም። በፖሊስ ማስወጣት ትችል ነበር፤ አባቷ ላይ ፖሊስ ለመጥራት ግን አንጀቷ አልቻለም። ጀልባ ነጂው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ሰውን ትተን ማቆሚያና ጀልባ ይዘን እንሂድ እንዴ?» አላት።

«ተወው፣ እልሁ ነው። ሁለት ቀን ብቻውን ሲከርም ራሱ ይደውላል» አለች።

ደወሉም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ልክ እሷ እንዳለችው። «አሸነፍሽ ልጄ። ደረቴን እየወጋኝ ነው፤ ነይ ውሰጂኝ» አሉ። ያላሰበችው ነፋሱን ነው፤ ሌሊቱን ተነስቶ ሐይቁን ሲያተራምሰው አድሯል።

ጀልባ ነጂው አልወጣም ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር፤ ወጣ። ደሴቱ ጋ ሲደርሱ ማዕበሉ ጀልባዋን ወደ ድንጋዩ እየወረወረ፣ መልሶ እየጎተተ አላስጠጋ አላቸው። አባቷ ማቆሚያው በነበረበት ቦታ ኮታቸውን ቆልፈው ቆመዋል። «ተመለስ፣ ቤት ግባ» እያለች ጮኸች፤ በዚያ ነፋስ ማን ይስማት። ጀልባ ነጂው ገመድ ወረወረ። ሊቀልቡት አንድ እርምጃ ወረድ አሉ፤ ድንጋዩ አዳለጣቸው።

ነጂው ኮታቸውን በመንጠቆ ይዞ ከውሃው ሲያወጣቸው ነፍሳቸው አልወጣችም ነበር። ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እጃቸውን እያሸች፣ «አባዬ፣ ደርሰናል እኮ» ትላቸው ነበር። አልደረሱም። ገና ሐይቁ መሐል ሳሉ ትንፋሻቸው ቆመ። «በገዛ እጄ» አለች፣ ደጋግማ፣ ከተማው እስኪታይ ድረስ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤቷ በለቀስተኛ ሞላ። ባለሆቴሉም ጥቁር ለብሶ መጣ፤ እጇን በሁለት እጁ ይዞ «እግዜር ያጥናሽ» አላት። ከልቡ ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከዚያ ወደተቀመጡት ዞር ብሎ፣ «ሰው ፊት አምቻት ነበር፤ ሰው ፊት ይቅርታ ልጠይቃት። ይቺ ሴት ለወላጅ አባቷ እንኳ አላዳላችም» አለ። ሰዉም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ።

ማቆሚያውን ያስነሳችው ይህን ለማስባል ነበር። ይኸው ተባለላት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፤ ሌላ ምን ትበል?