ያልደረቀ አየር

ጂሬኛ ዲናሞውን ፈትቶ ገጠመው፤ መልሶ ደግሞ ፈታው። እጁ ጋራዡ ውስጥ ይንቀሳቀስ እንጂ ልቡ ከአማቱ ጋር ወደ ገለምሶ እየተጓዘ ነበር።

አማቱ ወይዘሮ ሳህሊቱ ወገባቸውን ቀዶ ጥገና አድርገው ከሆስፒታል የወጡት ዛሬ ጠዋት ነው። ሚስቱ እየሩስ "እናቴን በባሌስትራ መኪና አላስፈጭም" ብላ፣ በአየር ከረጢት ላይ የምትሄድ ለስላሳ መኪና ከነሾፌሯ ተከራየች። ደግ አደረገች። ግን እንዲህ ያለች መኪና ውሃ አትወድም። ኮምፕሬሰሯ የሚስበው አየር እርጥበቱን የሚያራግፈው ማድረቂያው ውስጥ ባሉ ነጫጭ ጠጠሮች ላይ ነው። እነሱ ከረጠቡ ውሃው ያልፍና ቫልቮቹን ያጣብቃቸዋል፤ መኪናዋም መንገድ ላይ በአንድ ጎኗ ዘጭ ትላለች።

ጂሬኛ ከጉዞው በፊት መኪናዋን ሲፈትሽ ጠጠሮቹን ረጥበው አገኛቸው፤ አዲስ ማድረቂያ ጭሮ ውስጥ ስለማይገኝም እንደ ልማዱ እንዲደርቁ በብረት ምጣድ አመሳቸው። አመሳቸውና ምን አደረገ? ሳይከድናቸው ስልክ ሊያወራ ወጣ! ያን ጠዋት ደግሞ ጉሙ ከተማውን ውጦታል። ሲመለስ ጠጠሮቹ ቀዝቅዘው እርጥበቱን ሲጠጡ አገኛቸው። ሾፌሩ ሮቤል ክላክሱን ይነፋል፤ አማቱ "መካኒኩ አልጨረሰም?" ይላሉ። ልጃቸው ጴንጤ ካገባች ወዲህ ስሙን ጠርተው አያውቁም። ጂሬኛም "ምን ይመጣል?" ብሎ ገጥሞ ሸኛቸው።

አሁን ምን እንደሚመጣ ይታየው ጀመር። መኪናዋ ጠመዝማዛው ላይ ዘጭ ስትል፣ ያ ገና ያልጠገገ ወገብ... ደወለ፤ የእየሩስ ስልክ አይሠራም። ተቀመጠ፣ ተነሳ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼው ነው። ዲናሞውን ጥሎ የጎረቤቱን የአብዱልቃዲርን ሞተር ሳይክል አስነሳ።

መንገዱ ላይ ያለችው በዴሳ ከተማ ሲደርስ መኪናዋ ሻይ ቤት ደጅ ቀጥ ብላ ቆማለች። ወይዘሮ ሳህሊቱ ለእረፍት ወርደው በረንዳው ላይ ፍራሽ ተነጥፎላቸዋል። ሲያዩት ፊታቸው በራ።

"አየሽ እየሩስ? ተጨንቆ ተከትሎኝ መጣ! እኔ ነኝ እንጂ ክፉዋ፣ ይኼስ ልጄ ነው" አሉ፣ ሻይ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ።

ጂሬኛ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎትም አፍሮም አያውቅም። ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቆታል! አሁን ዝም ቢል አለቀ።

"አቦ፣ እንሂዳ!" አለ ሮቤል ቁልፉን እያሽከረከረ።

"እማማ" አለ ጂሬኛ፣ "ናፍቄዎት አይደለም የመጣሁት። ጠጠሩን እርጥቡን ገጥሜ ነው የሸኘሁዎት። መኪናዋ መንገድ ላይ እንዳትጥልዎት ፈርቼ ነው።"

እየሩስ አፈጠጠችበት። እናትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጂሬኛ መኪናዋን በክሪክ አስደግፎ የአየሩን ቧንቧ ሲፈታ ውሃ ክንዱ ላይ ተንጠባጠበ። ከሻይ ቤቱ ምጣድ ለምኖ በረንዳው ጥግ ጠጠሮቹን ማመስ ጀመረ። "ምነው አፌን በቆረጠው!" ብሎ ተቆጨ።

"ባትነግረኝ ማን ያውቅብህ ነበር?" አሉ ወይዘሮ ሳህሊቱ ከኋላው።

"ማንም፣ እማማ።"

ፊታቸውን ከግድግዳው ወደ እሱ መለሱ።

"ልጄ ያልኩት እንዳለ ነው" አሉ። "እሳቱን ቀንስ፣ እንዳታሳርረው።"