የፈድሊያ የመጨረሻ ቃል

ነኢማ እጇን ከቁርኣኑ ላይ ሳታነሳ ዋሸች።

«‹እሱ ነው ያቃጠለኝ› ብላኛለች፤» አለች በኦሮምኛ። የጅማ ችሎት የሚሠራው በኦሮምኛ ነው፤ እሷም ሰቃ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ ከደንበኛም ከጎረቤትም የምታወራበት ቋንቋ ስለሆነ ቃሉ ሳያደናቅፋት ወጣ። ተከሳሹ ጠሃ፣ የሟች እህቷ ባል፣ ከሁለት ፖሊሶች መሃል ተቀምጦ አንገቱን ደፋ። እስር ቤት አክስቶታል።

ፈድሊያ የተቃጠለችው በጅማው በቾ ቦሬ ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ማድቤት ውስጥ ነበር። ጎረቤቶች ጩኸት ሰምተው ሲደርሱ ጠሃን በብርድ ልብስ እየጠቀለላት አገኙት፤ የራሱም ክንድ ተልጧል። ሊያድናት ነው ያሉ አሉ። ለኩሶ ሲያበቃ ደንግጦ ነው ያሉም አልጠፉም። ሆስፒታል ገብታ የፖሊስ መርማሪ ቃሏን ሊቀበል ሲመጣ ጠሃ ከራስጌዋ ንቅንቅ አላለም።

«የጋዝ ምድጃው ፈንድቶብኝ ነው፤» አለች ፈድሊያ። መርማሪው ጻፈና ሄደ።

ነኢማ እህቷን ለብቻዋ ያገኘቻት ጠሃ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ሲወጣ ነው። የፈድሊያ ከንፈር አብጦ ቃል የሚወጣት በስንት መከራ ነበር።

«ዩምናን እንዳትሰጪው፤» አለች። ዩምና ልጇ ናት።

ነኢማ ጎንበስ ብላ «እሱ ነው? ፈዱዬ፣ እሱ ነው እንዴ?» ብትላት ዓይኗን ጨፈነች። አዎ ማለቷ ይሁን ስቃይ፣ የሚያውቅ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ሳይደርስ አረፈች።

የምስክርነቱ ቀን ጠዋት ዐቃቤ ሕጓ ፍሬሰላም ኮሪደሩ ላይ ነኢማን ወደ ጥግ ሳበቻት።

«ሌላ ምንም አላለችሽም?»

«አላለችም።»

«ሊሞት ያለ ሰው የተናገረው ቃል ትልቅ ማስረጃ ነው። ግን ማን ምን እንዳደረገባት መናገር አለባት። ለፖሊስ ምድጃው ነው ብላለች። ‹ልጄን እንዳትሰጪው› ማንንም አያስቀጣም፣ ነኢማ።»

ዋሺ አላለቻትም። ሰዓቷን አየችና ገባች። ነኢማ እዚያው ቆማ ቀረች፤ ተከትላት ስትገባ የምትለውን ወስናለች።

አሁን የጠሃ ጠበቃ ተነሳ። «ለፖሊስ በሰጠሽው ቃል ውስጥ ይሄ የለም።»

«ያኔ ሐዘን ላይ ነበርኩ። ደንግጬ ነው።»

የመሃል ዳኛው ጠበቃውን በእጃቸው አስቆሙት።

«ሟች ይህን የነገረችሽ በምን ቋንቋ ነው?»

«በአማርኛ። ቤታችን አማርኛ ነው የሚወራው።»

«እንግዲያው ከአፏ እንደወጣው፣ በአማርኛ ድገሚልን። ጸሐፊውም እንደዚያው ይጽፈዋል።»

ነኢማ አፏን ከፈተች። በአማርኛ ልትል ስትል ግን የፈድሊያ ድምፅ መጣባት፤ ያ የተቃጠለ፣ እየተቆራረጠ የሚወጣ ድምፅ። በራስ አፍ መዋሸት አንድ ነገር ነው። የሞተች እህት አፍ ውስጥ ቃል መክተት አቃታት።

«ዩምናን እንዳትሰጪው፤» አለች።

«ሌላስ?»

«ሌላ አላለችም።»

«ቅድም ያልሽውስ?»

«እሱ... የኔ ነው።»

ፍሬሰላም እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ፍርዱ ሲነበብ ዳኛው አጭር ነበሩ። ምስክሯ በመሐላ ስለዋሸች፣ ሰማሁ ካለችው አንዱንም አናምንም አሉ። ውሸቱ እውነተኛውን ቃል ይዞት ገደል ገባ። የቀረው ፈድሊያ ለመርማሪው የሰጠችው የምድጃው ቃል ነው። ጠሃ በነፃ ተሰናበተ።

በተከታዩ ጁምዓ ጠሃ ሐጂ ሱሌይማንን፣ በቾ ቦሬ ሁሉ የሚያከብራቸውን ሽማግሌ፣ ይዞ ሰቃ ነኢማ ቤት መጣ። ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ እሱ ከታሰረ ወዲህ ነኢማ ጋ የምትኖረው ዩምና ከጓሮ ድምፁን ሰምታ እየሮጠች ወጣች።

«አባዬ! መጣህ?»

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ጠሃ ተንሰቀሰቀ። ልጅቷ ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቷ ዳበሰችው፤ «አሁንም ያምሃል?» አለችው። ነኢማ እንባውን አየችው። የንጹሕ ሰው እንባ ይመስላል። የፈራ ገዳይም እንደዚሁ ያለቅስ ይሆናል።

«ልጅ የአባቷ ናት፣ ነኢማ፤» አሉ ሐጂ። «ፍርድ ቤቱም ጨርሷል። የተደበቀውን አላህ ያውቀዋል። አንቺ ክፉ አትሁኚ።»

«ልክ ነዎት፣ ሐጂ። ልብሷን ላሰናዳላት። ፀጉሯንም ልሥራላትና ትሄዳለች።»

«ነኢማ፣» አለ ጠሃ ፊቱን እየጠረገ፣ «ቂም አልያዝኩብሽም። ወላሂ።»

ልጅቷን ወደ ጓዳ አስገብታ መጋረጃውን ሳበችና ጉልበቷ መሃል አስቀመጠቻት። ዩምና ደስታ አላስቀምጥ ብሏታል። ቤት ያለችው ድመት ወልዳ ይሆን፣ አባዬ ትምህርት ቤት በሞተር ያደርሰኝ ይሆን እያለች ትለፈልፋለች። ነኢማ ትጎነጉናለች። ሊወስዳት ነው። ሕግ አለው፣ ሽማግሌ አለው፣ ልጅቷ ራሷ አለችው። የፈድሊያ ቃል ግን አንድም ሰው የለውም።

«ዩምናዬ፣ እማዬ ስትሞት ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ?»

ልጅቷ ወሬዋን አቋርጣ ዘወር አለች። «ምን አለች?»

ነኢማ አፏን ጆሮዋ ላይ አስጠጋች። ድምፅዋን እንደ ፈድሊያ አደከመችው። ዳኛ አልነበረም፤ የሚጽፍም አልነበረም፤ ምላሷም አልተሳሰረም።

«‹አባትሽ ነው ያቃጠለኝ› አለች።»

ከወዲያ «ዩምና! ነይ እንጂ እንሂድ!» የሚል የጠሃ ድምፅ ተሰማ። ልጅቷ በሁለት እጇ የነኢማን ቀሚስ ጨብጣ ያዘች። ነኢማ ጭንቅላቷን ቀስ ብላ ወደ ፊት መለሰችና የቀረውን ሹሩባ መጎንጎን ቀጠለች።