የተዘቀዘቀው ሰውዬ

«ይኼን ሥዕል ብናቃናው ምን ይመስልሻል?» አለ አጎቷ፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ወደ ሸራው ዞሮ። «ሰው ሊያስተዛዝን መጥቶ አንገቱን አጣሞ ነው የሚሄደው።»

«አይነካ አጋሼ» አለች ልጅቱ። «ሥዕሉ እስኪያልቅ ድረስ አይቃናም ብሏል አባዬ።»

አጎቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ የተንሻፈፈ ነገር ዓይኑ አይችልም። የሟች ወንድሙ ቃል ሆነበትና ሸራውን ተወው። ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ቤቱ ከጓዳው ሌላ ያለው አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ለቀስተኛው የተቀመጠው በቀለም ቱቦዎችና በቀለም ማቅጠኛው በተርፔንታይን ሽታ መሃል ነው።

«እኔ እዚያ ጋ አልቀመጥም» ብላ ጎረቤቷ ለአጠገቧ ሴት ስታንሾካሹክ ልጅቱ ሰማች። «ሰውዬው ትክ ብሎ ያየኛል።»

«በአናቱ ቆሞ እንዴት አድርጎ ነው የሚያይሽ?»

«እኔ ምን አውቄ። ያየኛል።»

ልጅቱ ከሸራው ጎን ወደ ተሰቀለው፣ እያየች ወደምትገለብጠው የድሮ ሥዕል ኅትመት ተመለከተች። እሱም ተዘቅዝቋል። ጥቁር የለበሰ ሰው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ወደ ውጭ ያያል፤ አፉ ግጥም ያለ ነው። ማንንም አያይም። ሸራዋ ላይ ያለው ወዴት እንደሚያይ ግን መለየት አቃታት። ስምንት ወር ሙሉ እንደተዘቀዘቀ ስታየው ኖራ፣ ፊት መሆኑን ዓይኗ ረስቶታል።

መዘቅዘቁ የአባቷ ዘዴ ነበር። ቀን ቀን የሱቅ ታፔላ ይጽፋል፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ዘይት ቀለም ያስተምራታል። የድሮውን ሥዕል ኅትመትና የእሷን ሸራ፣ ሁለቱንም ዘቅዝቆ ያስቀምጥና ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል። «አፍንጫ የሚባል ነገር አታውቂም» ይላታል። «ያየሽውን ጥላ ብቻ ሣዪ።» ክፍሉን፣ ጠረጴዛውን፣ የመስኮቱን ብርሃን አስጨርሷት የሰውዬው ፊት ላይ ደረሱ። ዓይኑንም ጉንጩንም አባቷ ራሱን ነቅንቆ አሳለፈላት። አፉ ግን እምቢ አላት። ሦስት ጊዜ ሣለችው፤ ሦስት ጊዜ በጨርቅ ጠረገው። በሦስተኛው አኮረፈች።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ጠራት። ጓዳ ሳህን እያጠበች ነበር፤ ጥርት አድርጋ ሰምታዋለች። ሰምታ ዝም አለችው። ሁለተኛ አልጠራም። ጨርሳ ስትወጣ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሕይወቱ አልፎ አገኘችው።

«መታደል ነው» አለች ጎረቤቷ ሻይ እየተቀበለቻት፣ «ማንንም ሳይጠራ፣ ማንንም ሳያስቸግር።»

ልጅቱ አቀረቀረች። እንዲህ እያሉ ባጽናኗት ቁጥር ውስጧ ይቃጠላል። መጥራቱን ለማንም አልተናገረችም።

በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ ለቀስተኛ ሳይገባ፣ ቀለም ደባልቃ ሸራው ፊት ቆመች። ሲጠራት ባለመመለሷ አባቷን የምትክስበት ሌላ ነገር አላገኘችም። እዚህ ጠቆር፣ እዚያ ቀላ፣ መሃሉ ላይ ሞላላ ጥቁር። እጇ አንዴም አላመነታም። ሲያልቅ ሸራውን አቃናችው።

አባቷ ነው። ጉንጩ የእሱ፣ ቅንድቡ የእሱ፤ ዓይኖቹ ትክ ብለው ያይዋታል። ፈጠን ብላ ምክንያት ፈለገችለት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ፊት ነው፣ ሳታውቀው ከእጇ አምልጧት ይሆናል። እሱስ ታዲያ እያየ እንዴት አሳለፈው? የጠረገው አፉን ብቻ ነው፤ ሦስቴም ኅትመቱ ላይ እንዳለው የተዘጋ አፍ። አሁን የሣለችው ክፍት ነው፤ ሰው ሲጣራ እንደሚከፈት። ወደ ኅትመቱ ዞረች። የዚያኛው ሰውዬ አፍ እንደ ድሮው ግጥም ብሏል፤ ጥቁር ነገር የለበትም።

ፈራች፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ግን ናፍቆቷ በለጠ። ደጅ አጎቷ ወንበር ሲደረድር ይሰማል። ብሩሹን አስቀመጠች።

«አቤት አባዬ» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ከጓዳ እንደሚመልስ ሰው፤ እጇንም በቀሚሷ እየጠረገች ወደ አባቷ ባዶ ወንበር ሄደች።