ባለ ሁለት እጀታው ጣሳ

ጣሳዬ ውስጥ ግራጫ ነገር ዘቅጦ ነበር።

ከመተኛቴ በፊት የቀዳሁት ንጹሕ ውሃ ነው። በአይሁድ ሕግ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ከመጸለዩ በፊት እጁን ይታጠባል፤ ከጣሳ እያፈሰሰ፣ ቀኝና ግራ እያፈራረቀ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። ሳይታጠቡ አራት ክንድ መራመድ እንኳ የለም። ስለዚህ ባለ ሁለት እጀታ ጣሳና ሳፋ አልጋዬ አጠገብ አይጠፉም። ጎንደር ምኩራብ የተማርኩት ነው።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሾርላይን በምትባል ከተማ ክፍል ያከራዩኝ እትዬ ውብአየሁ ግን ሳፋውን ካዩ ወዲህ ዓይናቸው አላማረኝም። ትናንት ውሉን እንዲያድሱልኝ ስጠይቃቸው፣ «ነገ ጠዋት እነግርሻለሁ» አሉኝ። ለዩኒቨርሲቲው ባቡር የሚቀርብ ሌላ ክፍል ደግሞ ሦስት ወር ፈልጌ አጥቻለሁ።

በረኪና ይሆን? አሸተትኩት። አይሸትም። የአይጥ መርዝስ? ቀና ስል በበሩ ሥር የሁለት ነጠላ ጫማ ጫፍ ታየኝ።

«እትዬ፣ ምን ጨመሩበት?»

ጫፎቹ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«ጫማዎ ይታያል እኮ።»

«ጠበል ነው» አሉ በመጨረሻ። «እምነትም አለበት። እስቲ ታጠቢበት።»

እምነት የሚሉት ከቤተ ክርስቲያን የሚያመጡትን አመድ ነው። ነገሩ ገባኝ። ቡዳ ጠበል ሲነካው ይጮኻል ይባላል፤ የቆሙት ጩኸቴን ሊሰሙ ነው። የአባቴን እናት በዚሁ ስም ከምንጭ አባረዋታል። እዚህም ዋይፋይ ባለበት ቤት ደረሰብኝ።

«መልኩ በተለወጠ ውሃ አልታጠብም።»

«ይኸው፣ አላልኩም? ፈራሽ፣ ሚሪያም!»

«ሕጉ ነው። ሳልታጠብ ደግሞ ከአልጋዬ አልርቅም። ሦስት ሰዓት ላይ ክላስ አለኝ። ንጹሕ ውሃ ያምጡልኝ፣ ከዚያ ጠበልዎን እነካልዎታለሁ።»

በጆግ ይዘው ገቡ። ራሳቸው አፈሰሱልኝ፤ ስድስቱንም ጊዜ ከጣቶቼ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ቡራኬዬን ጨረስኩና እጄን ጣሳው ውስጥ ካለው አመዳም ጠበል እስከ አንጓዬ ነከርኩት። ጠበቁ። እኔም ሰዓቴን እያየሁ ጠበቅሁ።

«ቀዝቃዛ ነው» አልኳቸው።

ጣሳውን ቀሙኝ። «ጠበል እንዲሁ አይደፋም፣ ሰው በማይረግጠው ቦታ ነው።» ሳፋውንም አዩት። «ይሄስ?»

«እሱም ሰው በማይረግጠው ቦታ ይደፋል፤ ሕጋችን ነው።»

«እናንተ ደግሞ ይሄን ከማን ሰምታችሁ ነው?» አሉ ፊታቸውን አኮሳትረው።

ጩኸት ስላጡብኝ ውሉን ቆመው ፈረሙ። ባቡሩ አመለጠኝ። ከክላስ ስመለስ ለበሬ መቀርቀሪያ ገዛሁ፤ ስገጥመው፣ እትዬ ውብአየሁም የራሳቸውን በር ሲቆልፉ ሰማሁ።